ሰንበቴ ገበያ ሳይበተን

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት ከሚሴ ገባሁ። አጎቴ የፈንጣጣ ከታቢ ነበሩ። አንድ ቀን ከአፋር በረሃ የመጡ ከብት ነጋዴዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሰንበቴ ገበያ ይጠብቋቸዋል፤ ቀትር ካለፈ ይበተናሉ።

የአጎቴ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ግን አዲስ ካርቡሬተር ከተገጠመለት ወዲህ ጥቂት ይሄድና ይጠፋል። አብሬያቸው ስሄድ መንገድ ዳር ቆመብን፤ ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብኩት። ሞተሩ ግን አልተነሳም።

«በቅሎዬን ላውስዎት? እሷ ካርቡሬተር የላትም» አለ አንድ ገበያተኛ።

አጎቴ አልሳቁም። ፀሐይዋን አይተው «ያ ረቢ፣ ሊሄዱብኝ ነው» አሉ።

«አብሽሩ» አልኳቸው፤ እኔው ግን ፈርቻለሁ።

ቤንዚኑን ለማየት የታንኩን ክዳን ስከፍት አየር በኃይል ወደ ውስጥ ገባ። ከክዳኑ ሥር የጎማ ቁራጭ ተወትፏል።

«ይኼን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኝ፣ ካርቡሬተሩ የተገጠመ ለት። ቤንዚኑ በሙቀት እንዳይተን ብዬ» አሉ አጎቴ።

ጎማው የክዳኑን የአየር መግቢያ ቀዳዳ ደፍኖ ቤንዚኑን ወደ ካርቡሬተሩ እንዳይወርድ ይዞታል። አወጣሁት፤ ሞተሩ ተነሳ፤ እንዲፈጥኑ ብዬ እኔ ቀረሁ፤ አጎቴ የክትባቱን ሳጥን አንግተው ብቻቸውን ነዱ። ድምፁ ሲጠፋ ርቀው ይሁን እንደገና ቆመው መለየት አቃተኝ። ከዚያው አቅጣጫ በሬዎች የሚነዳ ገበሬ እስኪመጣ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ሞተር ብስክሌት አይተዋል?»

«ምን አየሁ ትለኛለህ፣ በሬዎቼን በትኖብኝ እየበረረ አለፈ!»

ይኼን ጊዜ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።