የጠብታው እንባ

ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው በተቋረጠብን ወራት ዓይኔን ታመምሁ። አዋሳ ጤና ጣቢያ አንቲባዮቲክ ጠብታ ታዘዘልኝ፤ ዓይናሩም ወዲያው ጠራ። እኔ ግን ለጥንቃቄ ብዬ ቀጠልሁበት። ከዚያ የዓይኔ ቆብ አበጠ፤ ዙሪያው ቀልቶ ተላጠ፤ ማሳከኩና እንባው አላቆም አለ። ሕመሙ ያገረሸ መስሎኝ ጠብታውን አበዛሁ።

በመልኬ አፈርሁ። ሐይቅ ዳር ወዳለው መሥሪያ ቤቴ በጓሮ መንገድ እሄዳለሁ፤ ቤትም ስገባ ከእናቴ ፊቴን አዙሬ እበላለሁ። በእኛ ሰፈር መርዶ የሰማ ሰው ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ እስኪያረዱ ድረስ እንባውን ደብቆ ይሰነብታል። ይህን ዘንግቼው ነበር።

አንድ ምሽት ስገባ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሸማ ነጋዴዋ ጎረቤታችን አጠገቧ ነበረች።

«ሽማግሌ አትጠብቅ። እናቱ ነኝ፣ ንገረኝ» አለችኝ እናቴ።

«እማዬ፣ ምንም የሰማሁት የለም። ዓይኔን ነው ያመመኝ» ብዬ ጠብታውን አሳየኋት።

ጎረቤታችን ብልቃጡን ተቀብላ አገላበጠችው። «እኔም መርዶ ስደብቅ ዓይኔን አመመኝ ብያለሁ» አለች፤ «ሳቄን እንጂ ልቅሶዬን ማን ሰማው?»

በማግስቱ እናቴ እንደ አዘቀዘቀች ጤና ጣቢያ ተከተለችኝ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ተነሥተው ወንበር ለቀቁላት። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሏት፤ «አሜን» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል፤ ውሸት ነው ብል ማን ያምነኛል? ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ነርሷ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች። «የመጀመሪያው ሕመም ለቆሃል። ይኼ የመድኃኒቱ ነው፤ አልተስማማህም። ተወው።»

«ቢተወው እንባው ይደርቃል?» አለች እናቴ።

«ይደርቃል፣ እማማ።»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረች ትመረምረኝ ጀመር። እብጠቱ ሲጎድል ምግብ መቅመስ ጀመረች። ዓይኔ ፈጽሞ በጠራ ዕለት «ልጄ በሕይወት አለ ማለት ነው» አለችና ለወንድሜ የሚላክ በሶ ልታዘጋጅ ገብስ ፍለጋ ገበያ ወጣች።

የእኔ ዓይን መድረቅ ስለ እርሱ የሚነግራት አንዳች ነገር አልነበረም። ይህን ልነግራት አፌን ከፍቼ፣ አፍሬ ዘጋሁት፤ ዘምቢሉንም ተቀብዬ ተከተልኋት።