ከእናቴ አልጋ ሥር የፈለቀው ውሃ

እናቴ ስትደውልልኝ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። «ቤቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ ነይ» ብላ ዘጋችው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ካቆመ ሰነባብቷል። ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል ብዬ ሥራዬን ትቼ ተመለስኩ።

ቤቷ ከዓለም ባንክ ከፍ ብሎ፣ ኮረብታው ግርጌ ነው። ስደርስ ፍራሹን አጥር ላይ አስጥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በባዶ እግሯ መኝታ ቤቷ መሃል ቆማለች። አልጋው የነበረበት ቦታ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ ውሃ ይወጣል። አይፈናጠርም፤ ዝም ብሎ ይመጣል። ጠርገን ሳንጨርስ መልሶ ይሞላል።

ጎረቤት የጠራቸው የውሃ ሠራተኞች መጥተው የሰፈሩን መስመር ዘጉ። ቧንቧው ጭል ማለቱን ሲተው ወለሉ ግን መፍሰሱን ቀጠለ። አንደኛው ግራ ተጋብቶ፣ «እማማ፣ ይሄ የኛ ውሃ አይደለም» አላትና ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ።

እናቴ ጎንበስ አለችና በእፍኟ ዘግና ቀመሰችው። እንዳትጠጪው ልላት ስል ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ግድግዳውን ተደግፋ እዚያው ውሃው ላይ ቁጭ አለች።

«ይሄማ ምንጩ ነው» አለች።

እኔ ከመወለዴ በፊት እናቴ ከጫካ እንጨት ተሸክማ እየሸጠች ነበር የምትኖረው። ከኮረብታው ወርደው ግርጌው ሲደርሱ እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ውሃ የሚጠጡበት ምንጭ እንደነበረ ነግራኛለች። ኋላ በእርዳታ የሚሠራ የደን ፕሮጀክት መጣ። ለከተማው ማገዶና አጣና እንዲበቃ ተብሎ ራቁቱን የቀረው ኮረብታ ባሕር ዛፍ ሊለብስ ነው፤ ተካዮቹ ደግሞ እነዚያው እንጨት ተሸካሚ ሴቶች። እናቴ ጀርባዋ ያረፈው ያኔ ነው። ዛፎቹን እያሳየች «ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ» ስትል ነው ያደግኩት።

ዛፎቹ እያደጉ ሲሄዱ ምንጩ እየቀጠነ ሄዶ ደረቀ። ፈጣሪ ወሰደው ተባለ፣ ተረሳም። መሬቱ በዶዘር ተደልድሎ ለቤት ሲሸነሸን፣ ቦታው የቱ ጋ እንደነበር እሷም ጠፋት። በደረሳት ቦታ ላይ ከዚያው ኮረብታ በተቆረጠ አጣና የጭቃ ቤቷን ሠራች። ባለፈው ዓመት ደግሞ ኮረብታው ለግንባታ ተፈልጎ ዛፉ ሁሉ ተጨፈጨፈ፤ ጉቶው ሳይቀር ተነቀለ። ስለ ንፋሱና ስለ አቧራው ስናማርር ከረምን። ውሃ ግን የማናችንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም።

ላነሳት ብብቷን ያዝኩ።

«ምንጩን የጠጡት ዛፎቹ ናቸው። እኔ በእጄ የተከልኳቸው» አለች።

«የነገረሽ የለም፣ አንቺ በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም።

«ችግኙን ያመጡት ሰዎች የተማሩ ነበሩ እኮ። እነሱም አያውቁም ነበር?»

ጥያቄው የምር ነበር፤ ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። እኔም በዚያ ቤት ተኝቼ ማደጌን፣ ደረቅ መሬት ላይ ነኝ ብዬ መኖሬን አሰብኩ።

በሳምንቱ የጓሮው ግድግዳ ረጥቦ ተደረመሰ። የተረፈውን አፍርሰን እናቴን እኔ ወደምኖርበት ኮንዶሚኒየም ወሰድኳት። የሰፈሩ ሰው ውሃውን በድንጋይ ከቦ ቱቦ ቀጠለበት። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቢጫ ጀሪካን ከማለዳ ጀምሮ ይሰለፋል።

አንድ ቀን ላሳያት ወሰድኳት። ተራ የምትጠብቅ ሴት የፈረሰው ቤት ባለቤት እናቴ መሆኗን ሰምታ እጇን ሳመችና «እግዜር ይስጥልን እማማ፣ ከስንት እንግልት ገላገሉን» አለቻት። እናቴ የተገለጠውን ኮረብታ ቀና ብላ አየችና ክንዴን ያዘችኝ። ታክሲ ውስጥ ገብተን እንኳን አለቀቀችኝም።