ለራሴ ጆሮ የመረጥሁት ድምፅ ማጉያ

ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን በሚመረምር በአንድ አምላክ ስም እጀምራለሁ። ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጫፉን ነግሬ ሥሩን ውጫለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ አንተን በእርሳቸው ቦታ አስቀምጬሃለሁና ሳትቸኩል ስማኝ።

የቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር ሳለሁ፣ በገሳይ ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ከቀዬው ወጥተው ኑሮ የቀናቸው ልጆች «አንድ የማስተማሪያ መሣሪያ እንግዛላችሁ፤ መርጣችሁ አሳውቁን» ብለው ላኩብን። መምህርቷ ከሁሉ ቀድማ ቴሌቪዥን ለመነች። በክፍሏ ትርንጎ የምትባል ጆሮዋ የደከመ ልጅ ነበረች፤ የሰው ከንፈር እያየች ነበር የምትማር።

«የኔታ፣ ትምህርቱ በቴሌቪዥኑ ላይ በጽሑፍ ይወጣል። ትርንጎ ንባብ ላይ ጎበዝ ናት፤ እኔ ወደ ሰሌዳው በዞርሁ ቁጥር ግን ትምህርቱ ያመልጣታል» አለችኝ።

እኔ ምን አልሁ? «ልጄ፣ እኛ ድጓውን ያጠናነው በጆሯችን ነው። ድምፅ ማጉያ ይገዛ፤ ለትርንጎም ጎልቶ ይሰማታል» አልሁ። ኮሚቴው ተስማማ። ዜማ ያወቀ ሰው ስለ ድምፅ ሲናገር ማን ይከራከራል? የአባቶቼን ትምህርት እንደ ካባ ደረብሁት፤ ከሥሩ ያለው ሌላ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ማጉያ ተበላሽቶ ነበርና ለንግሥ በዓል ከትምህርት ቤቱ ልዋስ አስቀድሜ ቆርጬ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ነው እንዳልል፣ እንዲያ ቢሆን በግልጽ ለምኜ ባስገዛሁ። የፈለግሁት የራሴን ድምፅ ነው።

ሊመርጥ ደብረ ታቦር የሄደውም ሌላ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ባለሱቁ ማይኩን አቀበለኝ። እንደ መምህር ተናግሬ መሞከር ሲገባኝ አዜምሁበት። ድምፄ እየተመላለሰ ሲያስተጋባ ባለሱቁ ሳቀ። «በዚህ ካዜሙማ፣ የኔታ፣ ጉና ማዶ ያለው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ይቆማል!» አለኝ። ንግግርን ጥርት አድርጎ የሚያወጣ አነስ ያለ ማጉያም አሳይቶኝ ነበር። «ይህ ደረቅ ነው» ብዬ ገፋሁት። እኔ ነኝ የገፋሁት።

ለዜማ ያማረው ማስተጋባት በክፍሉ ቆርቆሮ ሥር ቃልን ከቃል ደባለቀ። ጆሯቸው ደኅና የሆነ ልጆች እንኳ ተቸገሩ። መምህርቷ ማይኩን ወደ አፏ ስታስጠጋ ደግሞ ከንፈሯ ተሸፈነ። ትርንጎ የነበራትን ጥቂቷንም አጣች። በዚያው ዓመት ወደቀችና ትምህርቱን ተወችው። እኔስ? በንግሡ ዕለት በዚያው ማጉያ አዜምሁ። ሰዉ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ሲለኝ፣ አንዲትን ልጅ ቃል የነሣሁ ሰው ምርቃቱን አንገቴን ሰበር አድርጌ ተቀበልሁ። እንዴት አላነቀኝም?

ዓመታት አለፉ፤ እንቅልፍ ግን አልተመለሰልኝም። በቅርቡ ትርንጎን እብናት ገበያ አገኘኋት፤ አግብታ እህል ትሸጣለች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ያለችውን ልጅ አስነሥቼ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ «ከትምህርት ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ» አልኋት።

ዝቅ ብላ ፊቴን ፈለገች። «የኔታ፣ አልሰማሁዎትም። እስቲ ቀና ብለው ይንገሩኝ።»

ቀና አልሁ። ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ነበር።

«ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው?» አልኋት።

«ደኅና ነው፣ የኔታ» አለችና ሳቀች።

እንግዲህ ሁለተኛ በደልኋት። ያን ጊዜ በጽሑፍ እንዲደርሳት የተለመነላትን የከለከልሁ እኔ፣ ዛሬ ኃጢአቴን በጽሑፍ ላደርስላት ተገደድሁ። ይህን ወረቀት በገዛ እጄ እሰጣታለሁ፤ አንብባ እስክትጨርስም ፊቴን ሳልሸሽግ ፊቷ እቆማለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቃትም፤ ሽበቴንም አማላጅ አልልክም።

አንተ ግን ይህን ያነበብህ፣ አምላክ ቤትህን በበረከቱ ይሙላው። ለምኖ ሰሚ ያጣ ልጅ ከማዕድህ ዙሪያ አይገኝ። አሜን።