መሃል ላይ የቀረ መልእክት

በእኛ ሙያ የአንድ ድረ ገጽ ክፍሎች ወላጅና ልጅ ይባላሉ። ልጅ የሚባለው ክፍል አንድ ቁልፍ ሲነካበት ለወላጁ ይናገራል። ከወላጁ በላይ ላለው ግን በቀጥታ አይናገርም፤ ወላጁ ተቀብሎ ወደ ላይ ማሳለፍ አለበት። ይህን ሥርዓት እንደ እኔ ሞላሌ ገጠር ላደገ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። እኛ ቤት ማንኛውም ጉዳይ ለአባቴ የሚደርሰው በእናቴ በኩል ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ፊታቸው ቆሞ "እንዲህ ላደርግ ነው" ማለት ከድፍረት ይቆጠራል።

ከአዲስ አበባ ወደ ቤት የመጣሁት አባቴ ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ስለተሰበረ ነበር። እሳቸው ድነው መቀደስ ከጀመሩ ቆይተዋል። እኔ ግን አሁንም ጋቢ ተከናንቤ፣ ላፕቶፔን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ ኔትወርክ ስለምን እውላለሁ። አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤቴ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣህ ቦታህን ለሌላ ሰው እንሰጣለን አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት።

"እማዬ፣ ለአባባ ንገሪልኝ። ሳይመርቁኝ አልሄድም።"

"እነግራቸዋለሁ፤ ምን አስቸኮለህ?"

እራት ላይ አባቴ ውርጭ ስለመታው ገብስ እንጂ ስለ እኔ ምንም አላነሱም። በማግስቱም እንደዚያው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው። ዝምታቸውን እንቢታ አድርጌ ወሰድኩት። ጠዋት ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን አውቶቡስ ጥሩምባ ስሰማ ተነሥቼ በመስኮት አየዋለሁ። ይህን ሁሉ ቁመት ይዤ፣ በተወለድኩበት ቤት እስረኛ ሆኜ አንድ ቃል መጠበቄ አንገበገበኝ።

በዚያው ሰሞን የምሠራው ገጽ ላይ "ላክ" የሚለው ቁልፍ ሲነካ ምንም አልሆን አለ። ቁልፉን ጠረጠርኩ፤ ደህና ነው። ላይኛውን ክፍል ጠረጠርኩ፤ እሱም ደህና ነው፣ ጆሮውን ከፍቶ ይጠብቃል። ለካ መሃል ያለው ክፍል ነው መልእክቱን ተቀብሎ ዝም ያለው። አንድ መስመር ኮድ ብጨምርለት ሠራ። ቀና ስል እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። እጄን ከላፕቶፑ ላይ አንሥቼ ለረጅም ጊዜ አየኋት።

ከዚያ ተነሥቼ ደጅ ፀሐይ የሚሞቁት አባቴ ዘንድ ወጣሁ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"አባባ፣ ደፈረኝ አይበሉኝና፣ ሥራዬ ሊያመልጠኝ ነው። እንድሄድ ይፍቀዱልኝ።"

አባቴ ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

"እኔ መች ያዝኩህ? መቀደስ የጀመርኩ ለት ለእናትህ 'እኔ ድኛለሁ፣ ሥራውን እንዳያጣ ይሂድ በይው' ብያታለሁ እኮ። ዝም ብለህ ስትቀመጥ ጥሎኝ መሄድ አልሆን ብሎት ነው ብዬ..." ዓይናቸውን ወደ መቋሚያቸው መለሱ። "ደስም ብሎኝ ነበር።"

መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩኝ። ዞር ስል እናቴ እንዝርቷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

"እማዬ፣ ለምን ለሁለታችንም አልነገርሽንም?"

"ብነግራችሁማ ትሄዳለህ" አለች።