ዘጠኙ ሰዓት የአየሩ ብቻ ነው

የቲኬት ቢሮው ሰዎች «ጋሽ ካርታ» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሲሸኝ የኖረ፣ ሁለት ከተማ ጠርታችሁ ሳትጨርሱ ኪሎ ሜትሩን የሚነግራችሁ ሰው ነው። እሱ ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ አውሮፕላን ረግጦ አያውቅም ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ በዚህ ስትተርበው «እኔማ በር ነኝ እህቴ፤ በር ሰው ያሳልፋል እንጂ የት ይሄዳል?» ይላት ነበር።

አንድ የሙያ ልማድ አለው። ደንበኛ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲለው አየር ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚነግረው። መሀል ላይ የሚጠበቀውን አይጨምርም። «መንገዱን ካስረዘምክበት የሰው ልብ ይሸሻል» ባይ ነው። ማታለል እንኳ አይባልም፤ የቀረው ሁሉ ቲኬቱ ላይ ተጽፏል።

ታላቅ ወንድሙ የሚኖረው ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ ጋራዥ ገብቶ ያሳደገው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ጋሽ ካርታ በዕረፍቱ ሊጠይቀው ቪዛ አውጥቶ ቀን ሲቆጥር፣ የወንድሙ ሚስት ደወለች።

«ሐኪሞቹ ቤቱ ይረፍ ብለው መልሰውታል። ዕረፍት ምናምን ሳትል ዛሬውኑ ተነስ» አለችና ስልኩን ለባሏ ሰጠችው።

«አንተ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚፈጀው?» አለ ወንድሙ፤ ድምፁ ሰልሏል።

«ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው ወንድም ጋሼ። ይኸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እየወጣሁ ነው።»

«ዘጠኝማ ምን አላት! አንተን ለትምህርት ቤት ለመቀስቀስም ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። እጠብቅሃለሁ።»

ማረፊያው ላይ ሦስት ሰዓት ተሰለፈ። አውሮፕላን የሚቀይርበት ከተማ ስድስት ሰዓት ወንበር ላይ ተኮራምቶ ጠበቀ። ከዚያ ሌላ በረራ፣ ፍተሻ፣ ታክሲ። የወንድሙን በር ሲያንኳኳ ከስልኩ ሃያኛው ሰዓት ሆኗል።

የከፈተችለት ሚስቲቱ ናት። ፊቷን ሲያይ ገባው።

«መቼ?» አላት።

«ስድስት ሰዓት አለፈው። ዘጠኙ እስኪሞላማ ደህና ነበር፤ ሲጫወት፣ ሲያስቀን። ልክ ሲሞላ 'በሩን ክፈቱለት፣ ደርሷል' አለ። ከፈትን። አሥር ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ፤ ስልክህ ላይ ብንደውል አይሠራም። 'እሱ ሰዓት አይስትም፤ አውሮፕላኑ ወድቆ ነው፣ ደብቃችሁኝ ነው' አለ። ብንምል ብንገዘት አላመነንም። አንተን እያለቀሰ ነው የሞተው።»

«ዘጠኙ እኮ…» አለ ጋሽ ካርታ፣ ለደንበኛ እንደሚያስረዳ እጁን ዘርግቶ። «ዘጠኙ የአየሩ ብቻ ነው።»

«እሱ ይኼን በምን ይወቅ?»

ሻንጣውን እንደያዘ ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ሚስቲቱ ዝቅ ብላ የጫማውን ክር ትፈታለት ጀመር።

«እግርህ አብጧል» አለችው። «ና ግባ፣ ቁጭ በል።»