በአሜን ፈንታ

«ወላሂ ነው የምልሽ እማማ፣ እግዜር የሚባል ነገር የለም!»

«ታዲያ አሁን በማን ነው የማልከው?»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ወጣቱም አብሮ ሳቀ። ሙግቱን የጀመረው ስልኩ ውስጥ ካለ ሰው ጋር ነበር፤ ሳቢያን ሰፈር ላይ ስንሳፈር ድምፁን ከፍ አድርጎ መልእክት ይቀዳ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ዘይቱን የሞላ ዘንቢል ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ሰምተው ሰምተው አላስችል ሲላቸው ገቡበት። አሁን ስልኩን ረስቶ ከእሳቸው ጋር ተያይዟል። ድሬ ላይ «ወላሂ» የማንም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚስመውም ይምልበታል፣ በምንም የማያምነውም ይምልበታል።

የዘይቱኑ ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ይሞቃል። ወደ ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ስንቃረብ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ ለገሀሬ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። የሰው ማመልከቻ ሳባዛ እውልና በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ከመዝሙርም፣ ከመንዙማም፣ ከባቡር ሠራተኞች ቀልድም እየቀነጨብኩ ነው የለመድኩት። አባቴ ቆራቢ ነበር፣ እናቴ ሰጋጅ። እኔ ከየትኛው እንደሆንኩ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደ ቀኑ ስሜቴ የተለያየ መልስ እሰጥ ነበር።

ምሳ ተበልቶ ከተማው በወበቁ ጸጥ ሲል፣ ሱቆቹ መጋረጃቸውን ጥለው ውሻ እንኳ ከጥላ ጥላ ለመሄድ ሲሰንፍ፣ እኔ ቴሌግራም እከፍታለሁ። «አደብ ያለው ጭቅጭቅ» የሚባል ቡድን ነበረን። አማኝና የማያምን ሳይሰዳደቡ የሚከራከሩበት ነው። ስሙንም ሦስቱን ደንቦችም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዋናው ይኼ ነው፦ ከመመለስህ በፊት ሌላው ያለውን በራስህ አፍ ትደግመዋለህ፤ እሱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» ካለ ብቻ ትቀጥላለህ። ብዙ ሰው በዚህ ደንብ ተሰላችቶ ወጣ። አርባ የምንሆን ቀረን።

የሁላችንም ዓይን ሁለት ሰዎች ላይ ነበር። አንዱ ኡስታዝ ጀማል ነው፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ ሰፈር ውስጥ ጠዋት ለልጆች ቁርአን ያስተምራል፣ ከሰዓት ጨርቅ ይሸጣል። ሌላው ተስፋሥላሴ፣ የሰፈሬ ልጅ፣ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በእግዜር የማያምን። ስሙን እንኳ ከመሃል ቆርጦ «ተስፋ በሉኝ፣ ሌላውን የጨመረችው እናቴ ናት» ይል ነበር። ሁለቱ ዓመት ሙሉ በድምፅም በጽሑፍም ተከራክረዋል፤ ግን ደቻቱን ተሻግረው አንድ ቀን ተያይተው አያውቁም። ኡስታዝ ከመናገሩ በፊት «እህም» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ይህን ሲሰማ ተስፋ ወዲያው «ሰይፉን መዘዘ» ብሎ ይጽፋል። አንዴ ኡስታዝ፣ «ተስፋ እኮ ከእኔ ደረሶች ይልቅ ስለ አላህ ብዙ ያስባል» ቢል፣ «አቦ ስሜን አታጥፋ!» የሚል መልስ መጣለት።

አራተኛውን ደንብ እንድጽፍ የጠየቀኝ ተስፋ ነው። ጥሩ ሐሳብ ባመጣ ቁጥር አንዱ «ልቦና ይስጥህ»፣ ሌላው «አላህ ሂዳያ ይስጥህ» እያለ ያልፈዋል። «ይኼ ጸሎት አይደለም፣ ጥፊ ነው» አለ። እውነቱን ነበር። እኔም አንድ ከሰዓት ሙሉ ሳገላብጠው ቆይቼ በሁለት ቃል ቋጨሁት፦ ላልለመነ አይለመንለትም። እስከዚያ ቀን ከጻፍኩት ሁሉ የበለጠ መሰለኝ። ለሌላው ደንብ ነበር፣ ለእኔ ግን ስንኝ። ስንኜን የጣሰ መልእክት ሳገኝ ዓይኔን ሳላሽ እሰርዘዋለሁ።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ተስፋ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እናቴ ትናንት አረፈች። ዛሬ ጠዋት ቀበርናት። ለትንሽ ቀን አልኖርም።»

ወዲያው የኡስታዝ ተከተለ፦ «አላህ ያጽናህ ወንድሜ። ለእናትህም አላህ ይዘንላት።»

ሰረዝኩት።

ጣቴ ለምዶበት ነው ማለት እወድ ነበር፤ ውሸት ነው። አስቤበታለሁ። በሐዘኑ ቀን እንኳ ቃሉን የሚያከብርለት ሰው እንዳለ ይወቅ ብዬ ነው። ስንኜም እንዳይሰበር ነው።

ማሽኑ እያጉረመረመ ወረቀት ይተፋል፣ እኔ ስልኬን አያለሁ። አንዱ «እየጻፈ ነው» ይላል፤ ይጠፋል። ሌላው እየጻፈ ነው፤ ይጠፋል። አርባ ሰው ቃል ፈልጎ አጣ። እኔም እግዜር የሌለበት ማጽናኛ ከአማርኛ ውስጥ ፈለግኩ። «ያጽናህ» ብዬ ጻፍኩ፤ ማን? «ነፍስ ይማር» አልኩ፤ ማን ነው የሚምረው? «አይዞህ» ደግሞ እንቅፋት ለመታው ሰው የሚባል ሆኖ አነሰብኝ። ግጥም ጀመርኩ፤ አራተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ ስለ ራሴ ሆኖ አረፈው።

ስምንት ሰዓት ገደማ ተስፋ ለብቻዬ ላከልኝ። «ሳባ፣ ኡስታዝ የሆነ ነገር ጽፎልኝ ነበር። ገብቼ ላነበው ስል አጥፍቶታል። ምነው፣ በዛሬ ቀን እንኳ ከፋሁበት?»

ሥራውን ለባልደረባዬ ትቼ ወጣሁ።

ደቻቱ ሞልቶ ነበር። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከላይ ከተራራው የመጣ ቡናማ ውኃ ግንድ እያንከባለለ ያልፋል። ሰዉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ያያል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የከረመ ነገር እንዲህ ሲያገሳ ሕልም ይመስላል። ከመሃላቸው አልፌ፣ ባጅያ ከሚጠበስበት ጠባብ መንገድ ገብቼ የኡስታዝን ጨርቅ ቤት አገኘሁት። ሽቲ የሚባለውን የሴት ጨርቅ እያጠፈ ነበር።

«ኡስታዝ፣ መልእክትህን የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

«ገብቶኛል። ደንብ ነዋ» አለ ሳይቆጣ።

«ተስፋ ግን አንተ ራስህ ያጠፋኸው መስሎታል።»

የያዘውን ሽቲ አስቀመጠው። ከዚያ መጋረጃውን እየጣለ «ቤቱን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

ድንኳኑ ከባቡር ሠራተኞቹ ቤቶች መካከል ተተክሏል። ንፍሮ በሰሃን ይዞራል። ኡስታዝ መግቢያው ላይ ቆመና ሳያስበው «እህም» አለ።

አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ተስፋ ቀና አለ። «ኡስታዝ?»

«ከመልኬ በፊት ጉሮሮዬን አወቅከው።»

ሊነሳለት ሲል ትከሻውን ይዞ አስቀመጠውና አጠገቡ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ ተስፋ፤ እሱ አይደለም። ደንቡ...»

«ሳባ» አለኝ፤ ድምፁ ደክሟል። «ደንቡን ያመጣሁት ሲመቱኝ ነው እንጂ ሲያዝኑልኝ ነው እንዴ?»

ከፊታቸው ቁጭ አልኩ።

ኡስታዝ ወደ ተስፋ ጆሮ ጠጋ ብሎ ጠየቀው። «እኔ ያለ አላህ ማጽናናት አላውቅበትም። ታዲያ በምን ልበልህ?»

ተስፋ አሰበ። በክርክር ጊዜም እንዲህ ነው፤ ሳያስብ አይመልስም። «አንተ በምታውቀው በል። እኔ በማውቀው እቀበልሃለሁ።»

«አላህ ያጽናህ። ለእናትህም አላህ ይዘንላት።»

በድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «አሜን» የሚለውን ጠበቀ። ከጠዋት ጀምሮ ቄሱም ጎረቤቱም ሲያጽናኑት አንድ ቃል ሳይመልስ እንደዋለ አክስቱ በኋላ ነግራኛለች።

«እሺ» አለ ተስፋ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ የተሰጠውን በሁለት እጁ እንደሚቀበል ሰው።

«አቦ አሜን በል እንጂ!» አለች አክስቱ ከሴቶቹ በኩል።

«ተዪው እናቴ፣ መልሶልኛል» አለ ኡስታዝ።

«እንግዲያ እኔ ልበልለት። አሜን!»

ተስፋ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ኡስታዝ እጁን ከትከሻው ላይ አላነሳም።

እኔ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አራተኛውን ደንብ አጠፋሁት። ያን የምወደውን ስንኝ፣ በዚያችው ጣቴ። በቦታው ምንም አልጻፍኩም፤ ጥፋቴንና ያየሁትን ብቻ ለቡድኑ ነገርኩ። ያኔ ቃል ጠፍቶት የዋለው ሰው ሁሉ እንደ ደቻቱ ጎረፈ። ተስፋ በማግስቱ ለእያንዳንዱ መለሰ፦ እሺ፣ እሺ፣ እሺ። በኦሮምኛ ላጽናናው «ቶሌ»፣ በሶማልኛ ለጻፈለት «ሀዬ»። ከሳምንት በኋላ ሁለቱ ካቆሙበት ቀጠሉ። ማንም ማንንም አላሸነፈም።

ቡድኑ ዛሬ የለም፤ ተስፋም ለሥራ ከድሬ ከሄደ ቆየ። እኔ ብዙ ጽፌያለሁ። እንደዚያ የሰረዝኩት ስንኝ ያማረ አልፎ አልፎ ይመጣልኛል። የተስፋን «እሺ» የሚያህል ግን እስካሁን አልጻፍኩም። ሰውን ማክበር ዙሪያውን ማጠር ይመስለኝ ነበር፤ ኡስታዝ ግን ጠጋ ብሎ «በምን ልበልህ?» ብቻ ነበር ያለው።

«ወራጅ አለ!»

ዓይኔን ገለጥኩ። ድልድዩን አልፈናል፤ ደቻቱ ደርቆ ፍየሎች አሸዋው ላይ ተኝተዋል። ወጣቱ ለመውረድ ጎንበስ ብሎ ተነስቷል። ሴትዮዋ ከዘንቢላቸው ሁለት ዘይቱን መርጠው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«በል ሂድ፣ የእኔ ሞገደኛ። አላህ መንገድህን ያቅናልህ።»

ከኋላ ሆኜ መልሱን ለመስማት አንገቴን አሰገግኩ። ወጣቱ ዘይቱኖቹን አየ፤ ሴትዮዋን አየ።

«እሺ እማማ» አለና ወረደ። በዚህ ከተማ ሁሉም ሰው እያላጋ የሚዘጋውን የሚኒባስ በር ቀስ አድርጎ ዘጋው።