ካልሲ ውስጥ የገባ ቱታ

ስምንተኛ ክፍል ሳለን፣ የሚኒስትሪ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ትምህርት ቤታችን ለችግኝ ተከላ ዘመቻ ጣና ዳር አወጣን። ቦታው ከብት የሚውልበት ረጅም ሣር ነበር። አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ የቱታዋን ጫፍ ካልሲዋ ውስጥ ከትታ መጣች። አባቷ ከሐረር ተዛውረው የመጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

«መዥገር እንዳይገባ ነው» አለችኝ። «አንቺም ክተቺ። ማታ ደግሞ ብብትሽን፣ የጉልበትሽን ኋላ፣ የጆሮሽን ሥር እዪ። ተጣብቆ ካገኘሽው በክብሪት አታቃጥዪው፤ ቆዳሽ ድረስ ተጠግተሽ ያዢና ቀስ ብለሽ ሳቢው። ንክሻው ትኩሳት ያመጣል።»

ለእኔ አስባ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ያኔ ሰው ካሳቅሁ ሌላው አይታየኝም። «ኧረ ይቺን ንዑስ ከበርቴ እዩልኝ! መዥገሩ ሰፊውን ሕዝብ ብቻ እንዲነክስላት ትፈልጋለች!» ብዬ ጮህሁ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። በዚያ በደርግ ዘመን ያ ቃል ለጨዋታ የሚሆን አልነበረም። ዘመቻውን የሚመራው የቀበሌው ካድሬ ዞር ብሎ ሲያያት፣ ጎንበስ ብላ ቱታዋን ከካልሲዋ አወጣች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔን ግን ሲያመልጠኝ ታውቆኛል።

ማታ ጓዳ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ገላዬን ፈተሽሁ። ከጉልበቴ ኋላ አንዲት መዥገር ተጣብቃለች። ልክ እንደነገረችኝ አድርጌ ነቀልኋት። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።

እሷ ለካ ያን ማታ ተናዳ፣ ሳትፈትሽ ተኝታ ኖሯል። በሳምንቱ ትኩሳት ጣላት። ብብቷ ሥር የተነከሰችበት ቦታ ጠቁሮ ተገኘ። ፈተናው ሲደርስ ከአልጋዋ መነሣት አልቻለችም፤ ዓመቱን ልትደግም ሆነ። ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣው እሷ ነበረች።

ፈተናውን በጨረስንበት ቀን ብርቱካን ይዤ ልጠይቃት ሄድሁ። አባቷ ራስጌዋ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል።

«ስንቴ ነገርኳት መሰለሽ!» አሉኝ። «አንቺስ ያን ቀን አልነከሰሽም?»

«ነክሶኝ ነበር፣ ጋሼ። ማታ ፈትሼ ነቀልሁት።»

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉና ወደ እሷ ዞሩ። «አየሽ? ከጓደኛሽ ተማሪ!»

ትናገርብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እንድትናገርብኝም ፈለግሁ፤ እኔው አፍ አውጥቼ መናገር ሲገባኝ።

«እሷ ጎበዝ ናት፣ አባባ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ ወጣሁ።